የካውያው ውሃ

ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አፉ ግን አልተፈታም። ሐኪሙ «ጆሮው ደህና ነው፣ ጊዜ ስጡት» ብሎ አሰናብቷቸዋል። ባሏ «ዝም አይነቅዝም» እያለ ይቀልዳል፤ የልጁ እናት ልብ ግን ከነቀዘ ቆይቷል። የሰው ልብስ እየተኮሰች፣ እግሯ ሥር በማንጠልጠያ የሚጫወተውን ልጇን ቁልቁል ታይና «አንተ፣ አንዴ "እማ" በለኝና ልሙት» ትለዋለች። እሱ ፈገግ ይላል። ፈገግታስ መች ቸገራት።

ቤቱ ውስጥ ሁለት አያቶች አሉ። እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፤ አማቷ ደግሞ ሶላት የማያልፋቸው። ልጆቻቸው ሲጋቡ ሁለቱም አልቅሰው ነበር፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ግን አንድ ክፍል ገብተው ግድግዳውን ተካፈሉት፤ አንዱ ጋ ሥዕል፣ ሌላው ጋ መስገጃ። ዕቃም ከዕቃ ይጋጫልና መነካከሳቸው አልቀረም። አሁን የያዙት እልህ ልጁ በማን ጸሎት ይናገራል የሚል ነው።

እናቷ ቄሱ የጸለዩበትን ውሃ በጠርሙስ አመጡ። በዚያው ሳምንት አማቷም ቁርአን የተቀራበት ውሃ ይዘው ገቡ። አንዳቸው ለሌላቸው ሳይናገሩ፣ ሁለቱም ጠርሙሳቸውን ልጁ ከሚውልበት ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ሸጎጡት። እሷ ምን ታውቃለች፤ ቧንቧው ተቋርጦ፣ ሸሚዝ ተቆልሎባት ነበር። ሁለቱንም መርጫዋ ውስጥ ገልብጣ እየረጨች ተኮሰችበት።

አመሻሽ ላይ ሁለቱ አሮጊቶች ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

«አንቺ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?» አሉ እናቷ።

«አንቺስ?» አሉ አማቷ።

ነገሩ ያኔ ለልጁ እናት ገባት። የሁለቱን ድካም ውሃ በላው፤ ውሃውን ደግሞ ካውያ በላው። «ሸሚዝ ላይ ጨረስኩት፤ ልጄን አስቀረሁት» ብላ መሬት ቁጭ አለችና አለቀሰች።

እናቷ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ አማቷ የተቆለለውን ሸሚዝ አዩና «የዚያ ደላላ ሸሚዝም አለበት?» አሉ።

«አለበት» አለች።

«ይሁን፤ ምናልባት እሱ መዋሸቱን ይተው ይሆናል።»

እናቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። መርጫውን አንስተው ነቀነቁት፤ ትንሽ ቀርታለች። «ነይ እስቲ፣ አብረን እንሞክረው» አሉ አማቷን።

እናቷ ልጁን አቀፉ፣ አማቷ በዚያችው ውሃ ፊቱን አበሱት። ሁለቱም በየራሳቸው ቋንቋ ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ አንዷ ሲጨርሱ ሌላዋም ጨረሱ።

«አሜን» አሉ እናቷ።

«አሚን» አሉ አማቷ።

ልጁ የአንዷን አፍ አየ፣ የሌላዋንም አፍ አየ። ከዚያ ከንፈሩን ገጥሞ «አምን» አለ።

«አሜን ነው ያለው» አሉ እናቷ።

«ኧረ አሚን ነው» አሉ አማቷ፤ ሁለቱም እንድትፈርድ ወደ እሷ ዞሩ። እሷ ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም፤ ልጇን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም «ድገመው» ትለዋለች። ደገመው።

«እማ» እስኪላት ገና መጠበቅ አለባት፤ አሁን ግን ተስፋ አላት። በዚያች ክፍል ሥዕሉም መስገጃውም በየቦታቸው ናቸው። ሁለቱ አያቶች ግን ልጁ ፊት ሲጸልዩ መጨረሻቸው አንድ ሆኗል፤ አፉን እንዳያሳስቱት ብለው «አምን» ይላሉ። እሷም ካውያዋን አቁማ አብራቸው ትላለች።