የገለበጠው ፊደል

ሐኪሟ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በታካሚው መዝገብ ላይ የምትጽፈውን ከእሷ ሌላ ማንም እንዳያነበው። ፕሮግራመሩ ሥራ ተደራርቦበት ስለነበር አጭሩን መንገድ መረጠ። በኮዱ ውስጥ የፊደል ገበታውን ከኋላ ወደ ፊት ገለበጠው፤ በ«ሀ» ፋንታ «ፐ»፣ በ«ለ» ፋንታ «ፈ» እንዲጻፍ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ለራሱም ስላልገባው «በቃ፣ ተቆልፏል» አለ። ቆይቼ በደንብ እሠራዋለሁ ብሎ ነበር፤ ቆየ እንጂ አልሠራውም።

ታላቅ እህቱን ያሳመናትም በዚሁ ቃል ነው። መምህርት ናት፤ ጆሮዋ እየደከመ መሄዱ ከተሰማ ከክፍል ያስወጡኛል ብላ ስለምትፈራ መታከም አልደፈረችም ነበር።

«እታለም፣ የቆለፍኩት እኮ እኔ ነኝ» አላት። ሐኪሟ ጋ ሄደች።

ዛሬ ፕሪንተር እምቢ ብሏቸው ከሐኪሟ ክሊኒክ ጠሩት። ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ ሲፈትሽ ሁለቱ መዝጋቢዎች፣ ወንዱና ሴቷ፣ ከላይ ይሳሳቃሉ።

«እስቲ የመምህሯን አንብቢልኝ።»

«ቆይ... የግራው ጆሮ ጨርሶ አይሰማም። ቀኙም እየተከተለው ነው።»

«ታዲያ ተማሪው ሲሰድባት ‹ጎበዝ!› ትለው ይሆናላ!»

«አፈር ብላ! ልጄ እኮ እሷ ጋ ነው የሚማረው። ነገ የወላጆች ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ።»

ፕሮግራመሩ ብቅ አለ። «እንዴት... ታነቡታላችሁ?»

«ምን እንዴት አለው?» ሳቀ ወንዱ። «ገበታውን መገልበጥ ነው። ‹ከ› የገበታው መሃል ሰፋሪ ናት፣ ብትገለብጠውም ንቅንቅ አላለችም፤ እሷ ናት ያሳበቀችብህ። አይዞህ፣ ሥራ ስንፈታ ነው የምንጫወትበት።»

«እህቴ ናት» ሊል አፉን ከፈተ።

«ገመዱ ነው የላላው» አለ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ግቢ ውስጥ ከጎረቤቶቿ ጋር ልብስ ታሰጣለች። ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መንገድ ላይ ሲያዘጋጀው የመጣውን ነገራት።

«ምን አልክ?»

«ወደ ቤት እንግባ።»

«እንዴ፣ ምን ያንሾካሹክሃል? ጮክ በልልኝ እንጂ ወንድምዬ!» እርጥብ አንሶላ እንዳቀፈች ቀኝ ጆሮዋን አዞረችለት። ፈገግ ብላለች፤ የመጣው ሊጠይቃት መስሏታል። ጎረቤቶቹ እጃቸውን ገመዱ ላይ እንዳደረጉ ዘወር አሉ።

«አልቆለፍኩትም!» አለ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። «አንብበውታል! ነገ ስብሰባው ላይ ሊያነሱብሽ ነው!»