ሃሊስበርግ ቡድን ይዛ ትዘልቃለች?

ባለቤቴ ስለሺ ሥራው በረዶ መሥራት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጠጥ ውስጥ የሚጨመረው በረዶ ይመስለዋል። የእሱ በረዶ ግን የሆኪ ተጫዋቾች የሚንሸራተቱበት ሜዳ ነው። ዲቪ ደርሶን አትላንታ እንደገባን መሀል ከተማ ባለው ትልቅ የስፖርት አዳራሽ፣ አሬና በሚሉት፣ የጽዳት ሥራ አግኝቶ ነበር። አንድ ቀን በረዶ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ቀረና "ና እስቲ ይሄን ቱቦ ያዝልን" አሉት። በዚያው ቀረ። ሥራው ውሃውን ስስ አድርጎ መርጨት፣ እስኪይዝ መጠበቅ፣ በላዩ እንደገና መርጨት ነው። ስለሺ ችኮላ የማይወድ ሰው ስለሆነ ልኩ የሆነ ሥራ አገኘ።

በፈረንጆቹ 2011 እዚያ አሬና የሚጫወተው ቡድን ተሸጦ ወደ ካናዳ ሄደ። አትላንታን ጥሎ የሄደ ሁለተኛው የሆኪ ቡድን ነበር። እኔ በበኩሌ የስፖርት ቡድን ከከተማ ከተማ ይሄዳል ብዬ አስቤም አላውቅም። እዚህ አገር ግን ቡድን እንደማንኛውም ንግድ ነው፤ ባለቤቱ ካልቀናው ጠቅልሎ ገበያ ወዳለበት ይሄዳል። ስለሺ ስለዚህ ነገር ብዙ አልተናገረም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ቲቪው ላይ ሆኪ ከመጣ ቻናል ይቀይር ጀመር። እዚሁ ሰፈራችን ስማይርና አጠገብ፣ ልጆች ልደታቸውን የሚያከብሩበት ትንሽ የበረዶ ሜዳ ውስጥ ተቀጥሮ ዓመታት አለፉ።

አምና በፈረንጆቹ ጸደይ የድሮ አለቃው ከርቲስ ደወለለት። በሳምንቱ እሁድ እቤታችን ድረስ መጣ። ረጅም፣ ራሰ በራ ሰውዬ ነው፤ እንጀራ በሹካ ይበላል። ምሳ በልተን ስንጨርስ የመጣበትን ነገር ተናገረ። አላባማ ውስጥ፣ ከአትላንታ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና፣ ሃሊስበርግ የምትባል ከተማ አለች። ያረጀ አሬናዋን አሳድሳ የሆኪ ቡድን ልታቋቁም ነው። ተጫዋቾቹ ደሞዝ የሚከፈላቸው ፕሮፌሽናሎች ይሆናሉ፤ ሊጉ ግን ከትልቁ ሊግ በብዙ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። ከርቲስ የቡድኑ ማናጀር ሆኗል። በረዶውን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል።

"አንድ ሲዝን ብቻ" አለ። "ከዚያ በኋላ አልወደድኩትም ካልክ አላስቸግርህም።"

ልጃችን ኑሃሚን አብራን ነበረች። ባንክ ትሠራለች፤ ንግድ መክፈት የሚፈልጉ ሰዎች ብድር ሲጠይቁ ሐሳባቸው ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የምትመዝነው እሷ ናት። ወዲያው ስልኳን አወጣችና ስለ ከተማዋ ታነብ ጀመር።

"ሕዝቧ ዙሪያውን ጨምሮ ሁለት መቶ ሺህ ቢሞላ ነው" አለች።

ስለሺ በአማርኛ "ታዲያ ምን ይጠየቃል?" አላት። "አትላንታ ይሄን ሁሉ ሚሊዮን ሰው ይዛ አልቻለችውም። ያውም ሁለቴ!"

"አባ፣ ፖይንቱ እኮ እሱ ነው። ላይክ፣ አርብ ማታ አትላንታ ውስጥ የሌለ ነገር አለ? ባስኬት አለ፣ ፉትቦል አለ፣ ሶከር አለ፣ ኮንሰርት አለ። ሰዉ ሆኪ ባያይ ምን ይቀርበታል? ሃሊስበርግ ግን ሌላ ምንም የላትም። ቡድኑ የሷ ብቻ ይሆናል።"

"ምንም የሌላት ከተማ ምንም ያጣችበት ምክንያት ይኖራታል" አልኩ እኔ።

"ማሚ ደግሞ! የጎማ ፋብሪካ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ።" ትንሽ አሰበችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እውነቱን ለመናገር የሰዉ ገቢ ዝቅ ያለ ነው። ውድ ውድ ወንበር የሚገዙ ትልልቅ ካምፓኒዎችም የሉም። ትኬቱን ርካሽ ካደረጉት፣ ጨዋታውንም ዊክኤንድ ዊክኤንድ ካደረጉት፣ ሜይቢ።"

"በሜይቢ ብድር ትሰጫለሽ?" አላት አባቷ።

"አልሰጥም" አለችና ሳቀች።

ከርቲስ አማርኛው ሳይገባው አንዴ እኔን አንዴ እነሱን ያያል። ስለሺ ወደ እሱ ዞሮ "አስብበታለሁ" ሲለው ግን እንደሚሄድ አወቅኩ። የማይሄድ ቢሆን እዚያው "አይ" ይለው ነበር። እኔ አልፈለግኩም። ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ጽዳቱን በኃላፊነት የምመራው እኔ ነኝ፤ ሥራዬን ጥዬ የትም አልሄድም። ለአንድ ሲዝን፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ እሱ እዚያ ቤት ተከራይቶ ሊኖር፣ ቡድኑ ሌላ ከተማ ሄዶ ሲጫወት ወደ ቤቱ ሊመጣ ተስማማን።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጥቅምት ላይ ነበር። ኑሃሚንን ይዤ ሄድኩ። ውጭው ሞቃት ስለነበር ሰዉ በቲሸርት ይመጣና በሩ ላይ ጃኬቱን ይደርባል። አንድ ባዶ ወንበር አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠችው ዶሪስ የምትባል ትልቅ ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጎማ ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ "ሚስ ዶሪስ" ነው የሚላት። የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር ታስረዳኝ ጀመር። ኋላ ለስለሺ ስነግረው አብዛኛው ስህተት ሆኖ ተገኘ። እኔ በዱላ የሚመቷትን ያቺን ጥቁር ክብ ጎማ በዓይኔ መከተል አቅቶኝ ነበር፤ ጎል መግባቱን የማውቀው ዶሪስ ትከሻዬን ስትመታኝ ነው።

በእረፍቱ ስለሺ በረዶውን በሚያድሰው ትልቅ መኪና ወጣ። መኪናው በረዶውን ስስ አድርጎ እየላጨ ከኋላው ውሃ ያፈስበታል፤ ያለፈበት ሁሉ እንደ መስታወት ያበራል። ሰዉ ለመኪናው አጨበጨበ። በእነሱ አገር በረዶ ላይ መኪና ሲነዳ አይተው አያውቁም። ስለሺ መጀመሪያ ለማን እንደሚያጨበጭቡ አልገባውም ነበር። ሲገባው እጁን ከመሪው ላይ ትንሽ አነሳ። በትዳር ይህን ያህል ዘመን ስንኖር ሰው ሲያጨበጭብለት አይቼ አላውቅም።

"ባልሽ ነው?" አለችኝ ዶሪስ።

"ባሌ ነው" አልኩ። ኩራት ኩራት አለኝ።

ደስታው ግን እስከ ኅዳር ነው የቆየው። አላባማ ውስጥ ቅዳሜ ማለት የኮሌጅ ፉትቦል፣ ያ አሜሪካኖች ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው፤ ሰርግ እንኳ አይደገስበትም። ገና ሲቃረብ ደግሞ ሰዉ ዕቃ ግዢ ላይ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚደረገውን ጨዋታማ የሚያየው አልነበረም፤ ጠዋት ፋብሪካ የሚገባ ሰው ማክሰኞ ማታ የት ይወጣል? ስለሺ ሲደውልልኝ ከድምፁ አውቀው ነበር።

"ዛሬስ?" እለዋለሁ።

"ከሰዉ ወንበሩ ይበዛል።"

የአካባቢው ሬዲዮ ላይ በየቀኑ ክርክር ሆነ። አንዱ "ጊዜ ስጡት፣ ገና ልጅ ነው" ይላል፤ ሌላው "ይሄ የሰሜን ሰዎች ጨዋታ ነው፣ ለኛ አይሆንም" ይላል። የቡድኑ ባለቤት ገዢ እያፈላለገ ነው የሚል ወሬም ተሰማ። አንድ ማታ ስለሺ ደውሎ "አትችልም፣ ርብቃ። ይቺ ከተማ ቡድን አትችልም" አለኝ። "ታዲያ ሲዝኑ ያልቅና ወደ ቤትህ ትመጣለህ" ስለው "ደህና እደሪ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ላጽናናው ብዬ ነበር፤ አልሆነም።

ጥር ላይ ዓመት ፈቃድ ወስጄ ልጠይቀው ሄድኩ። አርብ ማታ ዝናብ ጣለ፤ መሬት ሲነካ የሚረጋ ዝናብ። ቅዳሜ ጠዋት ስንነሳ ቤቱ ጨለማ ነው፤ መብራት የለም። ዛፉም፣ የመብራት ሽቦውም፣ መኪናዎቹም በበረዶ ተሸፍነዋል። የከተማው ከንቲባ ማንም መኪና እንዳይነዳ ለመነ። ስለሺ የተከራየው ቤት ለአሬናው ቅርብ ስለሆነ ክንድ ለክንድ ተያይዘን እያዳለጠን በእግር ሄድን።

አሬናው መብራቱን አጠገቡ ካለው ሆስፒታል ጋር በአንድ መስመር ስለሚያገኝ አልጠፋበትም። ከርቲስ በሩ ላይ ቆሟል። ተጋጣሚው ቡድን ከዋዜማው ገብቶ እዚያው ጎረቤት ሆቴል አድሯል፤ ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነበር።

"ካንስል ላድርገው እንዴ?" አለ ከርቲስ። "በረዶው እንዴት ነው?"

"የውስጡ ደህና ነው" አለ ስለሺ። "የውጩን እኔ አልሠራሁትም።"

ከርቲስ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ለሬዲዮ ጣቢያው ደወለና "ቤታችሁ መብራት የሌለ፣ በእግር መምጣት የምትችሉ ኑ። ኮሪደሩ ሙቀት አለው፤ ምግብም እንሠራለን፤ ትኬት አንጠይቅም" ብሎ አስነገረ።

ሰዉ መምጣት ጀመረ። እንዳያዳልጣቸው ጫማቸው ላይ ካልሲ ደርበዋል። ሕፃን ያቀፉ አሉ፤ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ የመጡ አሉ። ሚስ ዶሪስ ውሻዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ደረሰች። ምግብ ከሚሸጡት ሠራተኞች የመጡት ሁለት ብቻ ስለነበሩ እኔ እጄን ሰብስቤ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ሆቴል የለመድኩት ሥራ ነው። ሽማግሌዎቹን ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩ፤ የባቄላና የሥጋ ሾርባ ሲደርስ ለልጆቹ ቀድሜ አስቀዳሁ። አንዲት ሴት "ማናጀሯ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "አይ፣ የበረዶው ሰውዬ ሚስት ነኝ" አልኳት።

ሰዓቱ ሲደርስ ሾርባቸውን እንደያዙ ገብተው ተቀመጡ። ያን ትልቅ አዳራሽ የሞላ ሰው አልነበረም፤ አንድ ጥግ ላይ ተሰባስበን ነው ያየነው። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ሰው ስላልመጣ ጸጥ ብሏል። ጨዋታውን ያኔ ገና ሰማሁት። የጫማቸው ብረት በረዶውን ሲቆርጠው፣ ተጫዋቾቹ በስም ሲጠራሩ፣ ጎማዋ የሜዳውን ዙሪያ አጥር ስትመታ። ድምፁን ተከትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎማዋን አየኋት።

ስለሺ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጨዋታ እየተካሄደ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከማሽኖቹ ጋር ነው።

"መብራት ስለጠፋ እኮ ነው የመጡት" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ነገ መብራቱ ሲመጣ ቤታቸው ናቸው።"

"ይሆናል። አሁን ግን እዚህ ናቸው፣ ተመልከታቸው።"

ተመለከታቸው። የኛ ቡድን ጎል አገባና ዶሪስ ውሻዋን ወደ ላይ አነሳችው። ስለሺ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ፣ ሳልጠይቀው፣ "ያኔ አትላንታ እያለን መሄዳቸውን የሰማነው ከቲቪ ነው" አለ። "ጠዋት ሥራ ገብተን በረዶውን አሳምረናል። ማታ ቲቪ ላይ ሄደዋል። ማንም ጠርቶ አልነገረን። በማግስቱ ገብቼ ቆምኩ፤ ምን እንደምሠራ ጠፋኝ።"

ይህን ለዓመታት ሳይነግረኝ ኖሯል። እጁን ያዝኩት። እጁ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። እረፍት ሲሆን ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ።

መብራቱ በማግስቱ መጣ፤ የመንገዱ በረዶ ሲቀልጥ እኔም ወደ ስማይርና ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ተአምር አልተፈጠረም። በዚያን ቀን ከመጡት ሰዎች ገሚሱ አልተመለሱም፤ ገሚሱ ግን፣ በተለይ ሰፈራቸው ቅርብ የሆኑት፣ አርብ አርብ ብቅ ማለት ጀመሩ። ፉትቦሉም አልቆ ነበር። አሬናው እንደ መጀመሪያው ቀን ሞልቶ ባያውቅም ባዶነቱ ቀረ። ቡድኑ ራሱ ከሊጉ ግርጌ ሆኖ ጨረሰ።

ሚያዝያ ላይ ከርቲስ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። ባለቤቱ ላለመሸጥ ወስኗል። ማክሰኞ ጨዋታ አይኖርም፤ የላይኛው ወንበር በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ትኬቱም ይረክሳል። በዚያ መልክ አንድ ዓመት ይሞከራል። ስለሺ እቤት መጥቶ ራት ላይ ዜናውን ሲነግረን ኑሃሚን "አላልኩም? ሜይቢ ብዬ ነበር" አለች።

"ከርቲስ ቀጥል ብሎኛል" አለኝ ስለሺ፤ ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነው። "አንቺ አይሆንም ካልሽ እተወዋለሁ።"

"እንደ አትላንታው ጥለውህ ቢሄዱስ?"

አሰበበት። "ሊሄዱ ይችላሉ። ከርቲስን፣ ቀድመህ ትነግረኛለህ ወይ ብዬዋለሁ፤ እነግርሃለሁ ብሏል። እሱ ይበቃኛል።"

እኔ ሥራዬን እንደማልለቅ ነገርኩት። እሱም ያን አልጠየቀኝም። በየወሩ ግን ፈቃዴን ከአርብ ጋር እያያያዝኩ እሱ ዘንድ የምሄድ ከሆነ ያቺ አንድ ክፍል ቤቱ እንደማትበቃን ተስማማን። ዶሪስ ሰፈሯ ውስጥ የሚከራይ ቤት አገኘችልን። በረንዳ አለው፤ ከኋላው ወንዝ ይታያል። አከራዩ ወጣት ሰው ነው። ወጥ ቤቱን እያሳየን ውሉን የአንድ ዓመት እናድርገው የሁለት ብሎ ጠየቀ። ስለሺ ወደ እኔ ዞረ።

"የአንድ ዓመት ይበቃል" አልኩ። "ከዚያ በኋላ ያለውን እናየዋለን።"

አከራዩ ጻፈ። ዶሪስ በረንዳው ላይ ሆና ጎረቤቱን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ከእኛ ልታስተዋውቀው ነው።