የእማማ አየለች በሶ

የወፍጮ ግጥም አጠናለሁ። ምራቶች ድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው አማታቸውን በግጥም የሚያሙትን ማለቴ ነው። ዛሪማ ድረስ ሄጄ ሰብስቤያለሁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥም አስተምረዋለሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ ባይዋ እኔ ግን የገዛ አማቴን አያያዝ አላወቅሁበትም።

እማማ አየለች የባለቤቴ የባምላክ እናት ናቸው። የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ከድብ ባሕር መጥተው፣ ጎንደር ቀሐ ሰፈር እኛ ቤት ከገቡ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። በወጣትነታቸው ወፍጮ ላይ የሚስተካከላቸው አልነበረም ይባላል። እኔም እግዜር ቤቴ ድረስ ላከልኝ ብዬ፣ ገና ዓይናቸው ሳይድን፣ ስልኬን አፋቸው ሥር ደቅኜ "እስቲ አንድ ይበሉልኝ" እላለሁ።

"ምነው ልጄ፣ የወፍጮውን መጅ ሳልጨብጥ እንዴት ይመጣልኛል?" ብለው ይስቃሉ።

አንድ ቀን ለሥራ ባልደረባዬ ለፊልጶስ በስልክ "ከአሮጊቷ ምንም አላገኘሁም፤ በከንቱ ደከምሁ" አልሁት። ዞር ስል እማማ በሩ ላይ ቆመዋል። በማግሥቱ "ቅዳሜ ወደ አገሬ እገባለሁ" አሉ።

ባምላክ ለመናቸው፤ እኔም እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ኧረ አልተቀየምሁም፤ ላሜ መውለጃዋ ደርሶ ነው" ብለው ድርቅ አሉ። አልተቀየምሁም የሚልን ሰው በምን ይታረቁታል? ሦስት ቀን እህል አልወርድልሽ አለኝ።

አርብ ጧት "ለመንገዴ በሶ እሻለሁ" አሉኝ። "የመኪና ወፍጮ ዱቄቱን ያቃጥለዋል። በእጅሽ ፍጭልኝ።"

ባምላክ ከአንድ የሰፈራችን ሰው ጓሮ አንድ አሮጌ ወፍጮ ከነመጁ በባጃጅ አመጣ። ወፍጮ ላይ አንቱታ የለም። ምራት ያሻትን ትናገራለች፣ አማት ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች፤ መመለስ ነውር ነው። ይህን ጽፌ ማዕረግ አግኝቼበታለሁ፤ መጅ ግን ጨብጬ አላውቅም ነበር።

ስልኬን ቤት ትቼ ወጣሁ። እማማ በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። የተቆላውን ገብስ መግፋት ስጀምር ወዲያው መዳፌ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ዝም እንዳልል ብዬ ከዛሪማ የሰበሰብሁትን አንድ ግጥም አነሳሁ።

"ያ የሌላ ሰው ነው" አሉ እማማ። "አንቺ አማት የለሽም?"

አፈርሁ። አጎንብሼ መጁን ገፋሁ። ከዚያ ሳላስበው፣ እንባዬ እየቀደመኝ፣ እንዲህ ወጣኝ፦

"አማቴ ክፉ ናት፣ ቁጣዋ ጧት ማታ፣
ማን ይቆጣኝ ይሆን፣ ስትሄድ ቤቱን ትታ።"

ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። መልስ እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ፤ ሥርዓቱ ነው። በጎን ሳያቸው፣ ሐኪሙ እንዳይነኩት ያዘዛቸውን ዓይን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው።

እማማ ጎንበስ አሉና ዱቄቱን በጣቶቻቸው አሸት አሸት አደረጉት።

"ምነው፣ ይሄ በሶ ነው ቅንጬ? ይህን ይዤ ብገባ 'ምራትሽ እጅ የላትም' ብሎ አገር ይስቅብኛል።" ዱቄቱን ከጣታቸው አራገፉ። "ሸጋ አድርገሽ እስክታልሚው ድረስ የትም አልሄድ።"

ይኸው ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነን። አርብ አርብ እፈጫለሁ። መዳፌ ጠንክሯል፤ አሁንማ አልሜ መፍጨት አያቅተኝም። ግን ሁልጊዜ ሻካራ ሳለ አነሳዋለሁ። እማማም አሸት ያደርጉትና፣ ፊቴን ሳያዩ "ገና ነሽ" ይሉኛል።