በአባታችን ሆይ የተቆጠረ ልብ

በ1990 ዓ.ም. ዝናቡ በመስከረም መቆም ሲገባው እስከ ኅዳር ዘነበ። ጤፉ እንደቆመ ረገፈ፤ ታጭዶ የተከመረውም በቀለ። በጥር ጎተራ ጠረግን። በየካቲት ተስቦ ገባ። ባለቤቴን ቀበርሁ፤ እኔም ወደቅሁ። ጎረቤት ከአጥር ወዲያ ሆኖ «እግዜር ይማርህ» እያለ ያልፋል። ደጃፌን አልፈው የገቡ የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ሚስት፣ አመተ ማርያም፣ ብቻ ነበሩ። አጥሚት አጠጥተው፣ ገላዬን አጥበው አስነሡኝ። ምንም አልከፈልኋቸውም። በምን እንደሚከፈልም አላወቅሁም።

መሪጌታ ሲሞቱ አመተ ማርያም መነኰሱ። በ2003 ዓ.ም. በሰኔ ጾም ልባቸው ይሮጥባቸው ጀመር። ደብረ ማርቆስ ታይተው ጧትና ማታ የሚዋጥ ኪኒን ተሰጣቸው። የጧቱን ጾም ያስገድፋል ብለው ተዉት። አልተሻላቸውም።

አንድ ቀን በምርኩዝ መጥተው ደጄ ላይ ተቀመጡ።

«አያ ዋኘው፣ መሪጌታ ለልብ ሕመም ይሰጡት የነበረውን ሥር ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ እማሆይ። ዶማ ይዤላቸው እሄድ ነበር።»

«ቆፍረህ አምጣልኝ።»

«መጠኑን አላውቅም። ቢገድልዎትስ?»

«ተስቦ ካለበት ቤት ስገባ እኔ ቢገድለኝስ ብዬ ነበር?»

በማግስቱ ዶማዬን ይዤ ወረድሁ።

ሥሩ ከደጀን በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ይበቅላል። ስሙን አልጽፍም፤ ሰው አንብቦ ይቆፍራል። አምጥቼ አደረቅሁ፤ ወቀጥሁ፤ በውኃ በጠበጥሁ። ለእሳቸው ከመስጠቴ በፊት ግን ልብን ምን እንደሚያደርግ በራሴ ላይ ማየት ፈለግሁ።

ሰዓት የለኝም። በግራ እጄ የአንገቴን ደም ሥር ይዤ፣ በቀኜ መቁጠሪያ ጨበጥሁ። አንድ አባታችን ሆይ ደግሜ እስክጨርስ፣ ደም ሥሩ በመታ ቁጥር አንድ ፍሬ ሳብሁ። ሳልጠጣ ሠላሳ አራት ወጣ። ደገምሁት፤ ሠላሳ አምስት። እንደገና ሠላሳ አራት። ከዚያ ጠጣሁ። ጥቂት ቆይቼ ቆጠርሁ፤ ሠላሳ አምስት።

ሥሩ ልብን አይጎዳም አልሁ። እማሆይን አስጠርቼ የቀረውን በዋንጫ ሰጠኋቸው።

ዋንጫውን ሳይጠጡ እንደያዙ ያዩኛል። እኔ አወራለሁ። ስለ ገደሉ፣ ስለ ዝንጀሮዎቹ፣ ዶማዬ ስለ መሰበሩ፣ እንደገና ስለ ዝንጀሮዎቹ።

«አያ ዋኘው፣ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነህ። ከ‹እንደምን አደሩ› ሌላ ወጥቶህ አያውቅም። ዛሬ ምን ነክቶህ ነው?»

«ምንም አልነካኝ። ይኸው ስቆጥር ይዩ!» ብዬ አባታችን ሆይ ጀመርሁ።

«ቁም! ጅብ ያባረረው ዲያቆን እንኳ እንዲህ አይደግምም!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ልቤ ሲሮጥ ምላሴም አብሮት ሮጧል። የቆጠርሁበት መለኪያም ከእኔው ጋር ጠጥቷል።

«እርስዎ ይድገሙ» አልኋቸው።

ዋንጫውን አስቀምጠው በእርጋታ ደገሙ። እኔ ፍሬ ሳብሁ። ሃምሳ ሦስት።

«ቀስ ብለው ደግመው ይሆናል» አልሁ።

«ነገ ሳትጠጣ እናየዋለና» አሉ። ነገሩ እሳቸውንም ይዟቸዋል። ዋንጫውን ከድነን ተለያየን።

በማግስቱ ማልደው መጡ። አፌ ወደ ልማዱ ተመልሷል። እንደ ትናንቱ ደገሙ፤ ሠላሳ ስድስት።

«እስቲ የእኔን» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። በጣቴ ደም ሥራቸውን ይዤ እኔው ደገምሁ። ሥሩን ሳይቀምሱ ሃምሳ። አንዳንዴ ሁለት ፈጥኖ ይመታል፤ አንዱን ይዘላል።

«በዚህ ላይ ሥሩ ቢጨመር...» ብዬ ተውሁት።

እማሆይ አሰቡ። «መሪጌታ የሚሰጡት እንግዲህ ልቡ ለዘገየበት ሰው ይሆናል። አንዴ እንኳ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።»

ተነሥተው ዋንጫውን አጥሩ ሥር ደፉት።

«የጧቱን ኪኒን የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ። ከፈቀዱ እውጣለሁ።»

«የጠየቁኝን ግን አልሰጠሁዎትም» አልሁ።

«ቀድመህ ጠጣህልኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ትሰጠኛለህ? ከፍለኸኛል። ከእንግዲህ በእኔ በኩል ዕዳ የለብህም።»

ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን አቀኑ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው።