የኤሌኒ አባት ስም

ወንድሜ ፈንታሁን ልጄን በራሱ ስም አስመዘገባት። ይሄን ነገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ።

ባሌ ጥላዬ ሲሞት ኤሌኒ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ያለነው ጋፋት ነው፤ ደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም፤ ግን ለትንሽ ልጅ ጧት ማታ መመላለሱ አይሆንም። ስድስት ዓመት ሲሞላት ፈንታሁን መጣና "እታለም፣ እኔ ዘንድ ሆና ከተማ ትማር" አለኝ። ታናሼ ነው፤ አምኜ ሰጠሁት። ባመቱ የትምህርት ቤት ካርዷን ይዛልኝ መጣች። እስከ ሦስተኛ ክፍል ስለተማርሁ ፊደሉ አይጠፋኝም። ኤሌኒ ፈንታሁን ይላል። አገላብጬ አየሁት፤ በጀርባውም ያው ነው።

"አባቷ ማን ነው?" አልሁት።

"እታለም፣ አሳዳጊ ነኝ ብላቸው ውክልና አምጣ አሉኝ። የአረም ጊዜ ነበር፤ አንችን ከየት ላምጣ? አባት ነኝ ብዬ ተገላገልሁ።"

"አንተስ ተገላገልህ። የሞተውን ሰው ሁለተኛ ገደልኸው።"

ሰው ሲሞት የሚቀርለት ነገር ይሄው ነው፤ ልጁ ስትጠራ የሱም ስም አብሮ ይጠራል። ጥላዬ ሌላ ልጅ የለውም። ከዚያ ወዲህ የፈንታሁንን ቤት እህል አልቀመስሁም። ልጄን ልጠይቅ ስሄድ ደጅ ቆሜ አስጠራታለሁ። ሚስቱ "ግቢ እንጅ" ስትለኝ "ጾም ነኝ" እላታለሁ። በፋሲካም ጾም ነኝ ብያት አውቃለሁ።

ኤሌኒ ተማረች። ስምንተኛ፣ አሥራ ሁለተኛ፣ በመጨረሻም የሒሳብ ዲግሪ። ወረቀቱ ሁሉ ፈንታሁን ይላል። ተመርቃ ሥራ አጥታ እኔ ጋ ተቀምጣ ሳለ የብሔራዊ መታወቂያ መዝጋቢዎች ቀበሌያችን መጡ።

"እማ፣ በዲግሪዬ ስም ልሙላ፤ ኋላ ይጋጫል" አለችኝ።

"ይጋጭ! የአባትሽን ስም አንድ ወረቀት ላይ ሳላይ አልሞትም።"

ለመነችኝ። አለቀስሁባት። የነፍስ አባታችን ቄስ ዋልልኝና እኔ መሰከርንና ኤሌኒ ጥላዬ ተባለች። ካርዱ ሲመጣ ሳምሁት።

ሦስት ዓመት ሥራ ፈላጊ ሆና ከረመች። ዘንድሮ "ሁለተኛ ዲግሪ ከያዝሁ የሚቀጥረኝ አላጣም" አለች። ለዚያ የመግቢያ ፈተና አለ፤ ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ፣ የሚመለሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። ምዝገባውም እንደዚያው። ማስተዋል የምትባል ከዐረብ አገር ተመልሳ ኮምፒውተር ቤት የከፈተች ልጅ አለች፤ እሷ ዘንድ ሄድን።

"የሚሞላው በዲግሪሽ ስም ነው" አለቻት ማስተዋል። "መታወቂያሽም ያው ነው አይደል? ፈተናው ቀን በር ላይ ያዩታል።"

ኤሌኒ ወደኔ ዞረች።

"አንድ ናት" አልሁ እኔ።

"እትዬ፣ የጠየቅሁት ስሙን ነው እንጅ ልጅቱንማ አያታለሁ።"

"ልጅቱ አንድ ከሆነች ስሙ ምን ያደርጋል? ካልመሰላቸው ምስክር አመጣለሁ።"

ማስተዋል ሳቀች። "ምስክሮቹን ኮምፒውተር ውስጥ ሊያስገቧቸው ነው?"

ስም ማስተካከል ፍርድ ቤት ይጠይቃል፤ ምዝገባው ደግሞ ሐሙስ ይዘጋል። ኤሌኒ ብዙ ካሰበች በኋላ "ሙይልኝ፣ ምናልባት አያስተውሉት ይሆናል" አለች። የምስጢር ቁጥር ተሰጣት፤ ክፍያውም በስልክ አለቀ።

ሁለት ሳምንት ማስተዋል ዘንድ እየሄደች ተለማመደች። ማታ ማታ ትነግረኛለች። "ከላይ በኩል ሰዓት አለ እማ፣ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል።"

"ያልጨረስሽውንስ?"

"ያልጨረስሁት ቀረ።"

እኔም ሥራ አልፈታሁም። እኛ አገር ድንበር ሲገፋ፣ ከብት ሲጠፋ፣ ሰው ሲካሰስ ነገሩ የሚቆመው በሰው ምስክር ነው። ቀበሌውም ያመነኝ በዚሁ ነው። ስለዚህ ቄስ ዋልልኝን ለመንሁ፤ የዕድራችንን ዳኛ አቶ ይርጋንም ለመንሁ። ፈተናው ቀን በማለዳ ሦስታችን ባጃጅ ይዘን መጣን። ኤሌኒ ከተፈታኞቹ ጋር ተሰልፋ ስታየን ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"እማ፣ ምን አድርገሽ ነው?"

"ዝም በይ። አንች ተፈተኝ።"

ተራዋ ደረሰ። በር ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ የመመዝገቢያ ወረቀቷን አየ፣ ካርዷን አየ፣ እንደገና ወረቀቷን አየ።

"ይሄ ፈንታሁን ይላል። ይሄ ጥላዬ ይላል።"

"ሁለቱም እኔ ነኝ" አለችው፤ ድምፅዋ አልወጣም።

ቄስ ዋልልኝ መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ። "ልጄ፣ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። በእግዚአብሔር ፊት እመሰክራለሁ።"

ልጁ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። "አባ፣ አምናለሁ። የኔ ማመን ግን አያስገባትም። ስሙ ካልገጠመ እንዳታስገባ ተብያለሁ።"

"ታዲያ ለኮምፒውተሩ ንገረዋ!" አሉ አቶ ይርጋ፣ ዕድር ላይ እንደሚቆጡት። "ሦስት ሽማግሌ ደጅ ቆሟል በለው!"

"እሱ አይሰማም አባቴ።"

"እንግዲያው ይሄን ስም ያጻፈውን ሰው ጥራልኝ" አልሁ እኔ።

"የትኛውን ስም እናቴ?" አለኝ። "ካርዱን ያጻፈው ማን ነው?"

ከኋላ ያሉት ተፈታኞች ይገፉናል። አንዷ "ሰዓት ሄደብን፣ እባካችሁ!" ትላለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ተዘጋ።

ኤሌኒ አልሄደችም። አጥሩን ይዛ ቆመች። ቄስ ዋልልኝ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ሄዱ፤ አቶ ይርጋም "ጉድ ነው" እያሉ ተከተሏቸው። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አንዳንዴ ስልኳን ታይና "አሁን ሃያ ሠርተዋል" ትላለች። ቆየት ብላ "አሁን ግማሹን አልፈዋል።" ውኃ ገዝቼ ብሰጣት አልጠጣችም። ልጆቹ እየተሳሳቁ ሲወጡ ነው ፊቷን ያዞረችው። አላለቀሰችም፤ አልሰደበችኝምም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማስተዋል ዘንድ አብረን ሄድን። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር።

"ፓስፖርት ስንት ቀን ይፈጃል?" አለቻት።

ማስተዋል እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣች። "ለምንሽ?"

"አንች ለሄድሽበት።"

"እኔ ያየሁትን ብታዪ እንዲህ አትይም።"

"ዲግሪዬን የሚፈልገው የለም። ለፓስፖርቱ ደግሞ መታወቂያው ይበቃኛል፤ ከምንም ጋር አይጋጭም።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የጥላዬን ስም ካርድ ላይ ያወጣሁት ልጁን ከአገር ሊያስወጣት ኖሯል።

"ሌላ ፈተና የለም?" አልሁ።

"ከሁለት ወር በኋላ ይኖራል እትዬ" አለችኝ ማስተዋል። "ግን ሁለቱ ስም አንድ መሆን አለበት። ዲግሪውን ልለውጥ ካለች ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ሁሉ ይፈርሳል፤ ዓመትም አይበቃው። ካርዱ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይታረማል። እናትም አሳዳጊም ቀርበው ይመስክሩ።"

ኤሌኒ "ተይው፣ እማ እሺ አትልም" አለቻት፤ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ።

ከዚያው በቀጥታ ፈንታሁን ደጅ ሄድሁ። ሚስቱ አይታኝ ጠራችው።

"እታለም! ዛሬም ጾም ነው?" አለኝ እየሳቀ።

"ልበላ አልመጣሁም። ፍርድ ቤት ና ልልህ ነው።"

"ልትከሽኝ?"

"እሱማ ቢሆን ደስ ባለኝ።"

ነገርሁት። ሳቁ ጠፋ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የፈለገ ጊዜ ይፍጅ፣ ዲግሪውን በጥላዬ እናስለውጥ፣ እኔ እሮጣለሁ" አለኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነበር። እንኳን ሊያስደስተኝ፣ ምንም አልረባኝም።

"ጊዜ የላትም" አልሁት። "ሰኞ በሦስት ሰዓት እንዳትቀር።"

ሰኞ ፈንታሁን ፍርድ ቤት ቀርቦ ማለና መሰከረ። እኔም ማልሁ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ አንቱ እያለች ጠየቀችኝ።

"እነዚህ ሁለት ስሞች የአንድ ሰው ናቸው?"

"ናቸው።"

"ልጅዎ የምትታወቀው በየትኛው ነው?"

ኤሌኒ አጠገቤ ነበረች፤ አላየኋትም። ፈንታሁንንም አላየሁትም።

"ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ኤሌኒ ፈንታሁን ተብላ ነው የምትታወቀው" አልሁ።

"ጥላዬ የሚለውስ?"

"አባቷ ነው። ከካርዱ ላይ ግን ይውጣ።"

ጸሐፊው ወረቀቱን ወደኔ ገፋው፤ አንብቤ ፈረምሁ።