ቫይረስ ያለበት ልብ

ኦርቪል ስቴምፐር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በኬንታኪ ተራሮች ጠመዝማዛ መንገድ የድንጋይ ከሰል መኪና ነድቷል። ፍሬን እምቢ ባለው ቀን እንኳ እጁ አልተንቀጠቀጠም። አሁን ግን የውሃ ብርጭቆ ማንሳት አቅቶታል። ልቡ ደክሞ፣ በብብቱ ሥር በገባ ቱቦ ልቡን ከሚያግዝ ማሽን ጋር ታስሮ፣ ምትክ ልብ እየጠበቀ ሆስፒታል ከተኛ ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ዶክተር ሬዲ ገባች። ሁልጊዜ ቆማ የምታወራው ሴት ዛሬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሚስቱ ቬልማ የምትሠራውን ሹራብ ጭኗ ላይ ጣለችው።

«ልብ ተገኝቷል፣ አቶ ስቴምፐር። ጠንካራ፣ የወጣት ልብ ነው። ግን የሰጪው ደም ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ የሚባል የጉበት ቫይረስ አለ። ልቡን ከወሰዱ ቫይረሱ ወደ እርስዎ መተላለፉ አይቀርም።»

«ታዲያ ልታድኚኝ ነው ልትመርዢኝ?»

«ዛሬ መድኃኒት አለው። ኪኒኑን የዋጡ ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ይድናሉ። ሌላ ልብ እስኪመጣ ግን በልብዎ ድካም የተጎዳው ኩላሊትዎ የሚጠብቅ አይመስለኝም። በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ እፈልጋለሁ።»

«በምን ሞተ?»

«ማንነቱን ልነግርዎ አልችልም። ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ ነው።»

ኦርቪል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ወንድሜ ክላይድ በዚሁ በሽታ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሲሞት አይቻለሁ። አልፈልግም።»

ዶክተሯ ስትወጣ ቬልማ ሹራቧን መልሳ አነሣች። የእምቢታው ምክንያት ክላይድ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ከስድስት ዓመት በፊት ኦርቪል የልጃቸው የኮርቢን መኪና ውስጥ የዕፅ መርፌ አግኝቶ፣ የልጁን ልብስ በዝናብ ደጅ ወርውሮ፣ «ለእኔ ሞተሃል» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ የልጁ ስም እቤት ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም።

ሃያ ደቂቃ አለፈ።

«ስማ አንተ ሰውዬ» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ከኮርቢን ጋር በስልክ እናወራለን። ዕፁን ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው። ይኸው ቫይረስ ይዞት ድኗል።»

ኦርቪል አፈጠጠባት። ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ፣ «ደውይለት» አላት።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በመካከላቸው ይዛ ደገመች። ኮርቢን የሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያም የልጁ ድምፅ፦ «እማዬ? ሞተ እንዴ?»

«አልሞትኩም» አለ ኦርቪል።

ጩኸቱ ራቀ። ልጁ ወደ ውጭ ወጥቶ መሆን አለበት።

«ያ የጉበት ቫይረስ ይዞህ ነበር አሉ።»

«ይዞኝ ነበር።»

«ኪኒኑስ?»

«ስምንት ሳምንት ዋጥኩት። ትንሽ ራሴን አመመኝ፣ በቃ። ደሜ ንጹሕ ነው።»

ኦርቪል የተባለውን ሁሉ ነገረው። «ልቡን የሚሰጠኝ ሰውዬ እንዳንተው በመርፌ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

«እንደኔው» አለ ኮርቢን። «አባዬ፣ ዕፅ በዝቶብኝ ሐኪሞች ሦስት ጊዜ ከሞት አንሥተውኛል። አንዱን ቀን ባይደርሱልኝ፣ ዛሬ ለሰው የሚቀርበው የኔ ልብ ነበር። እሱንም አልፈልግም ትል ነበር?»

ኦርቪል ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከተሰጠው አንድ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል።

«ቬልማ፣ ሐኪሟን ጥሪያት።»

አዲሱ ልብ ገና ደረቱ ውስጥ እንደገባ መምታት ጀመረ። በአምስተኛው ቀን ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ታየ፣ ልክ እንደተባለው። ኦርቪል በየማለዳው መስተዋት እያስመጣ የዓይኑን ነጭ ይመረምር ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ሲነሣበት፣ «ክላይድን ሆንኩ» ብሎ ቬልማን አስለቀሳት፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘና በመድኃኒት ለቀቀው። የቫይረሱን ኪኒን አሥራ ሁለት ሳምንት አንድም ቀን ሳያዛንፍ ዋጠ። ከጨረሰ ከሦስት ወር በኋላ ደሙ ተመረመረ፤ ቫይረሱ የለም።

በዚያው ሳምንት ኮርቢን ወደ ወላጆቹ ቤት መጣ። አባትና ልጅ በረንዳው ላይ ስለ አየሩና ስለ እንጨት ብዙ አወሩ፣ ስለ ዋናው ነገር ግን ምንም። ሊሄድ ሲነሣ ኦርቪል ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ።

«ለሟቹ እናት በሆስፒታሉ በኩል መጻፍ ይቻላል አሉኝ። ምን እንደምላት አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።»

ኮርቢን የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ መልሶ ተቀመጠ።