በስልክ የተከፈለ ቅጣት

ዘይቱና የሞተችው ጎህ ሲቀድ ነው። ባሏ ካሚል ራሱ መጥቶ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ ያሕያ፣ ዘይቱና አለፈች» አለኝ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩት። ካሚል ድሮም ብዙ አያወራም። ተመልሶ ሄደ። እኔም ጫማዬን አድርጌ ለቅሬው ላሳውቅ ወጣሁ።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የእኛ ሰፈር ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ አለው። መቃብሩ ይለያያል እንጂ ቆፋሪው አንድ ነው። የቅሬው ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ።

ካሚል ደግሞ የለህዱ ሰው ነው። እስላም ሲቀበር ጉድጓዱ ከወረደ በኋላ ከግርጌው ወደ ጎን የሚፈለፈል ማረፊያ አለ። ለህድ እሱ ነው። አፈሩ እንዳይናድ አድርጎ መፈልፈል ለሁሉም አይሆንለትም። ካሚል ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ ሲሠራ ከላይ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። የባለቤቴን የሐምዲያን ለህድ የፈለፈለው እሱ ነው። የቅሬውን ጸሐፊ የሸሪፍን አባትም እሱ ነው ያስተኛው። ማሽላ አጨዳ ላይ ሆኖ ማጭዱን ጥሎ ይመጣል። የቀረበትን ቀብር አላስታውስም።

የቀረ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ያን ያህል ብር አልነበረም። አከፋፈሉ ነበር የሚከብደው። የቀረው ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ከምንሰበሰብበት ሾላ ዛፍ ሥር ይመጣል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ብሩን በእጁ ይዞ ሐዘንተኛው ፊት ይቆማል፤ «አውፍ በለኝ» ይላል። ይቅር በለኝ ነው። ሐዘንተኛው ካሻው ቶሎ፣ ካሻው ቆይቶ «አውፍ ብያለሁ» ይለዋል። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ያየዋል። ትልልቅ ሰዎች እዚያ ቆመው ሲያልባቸው አይቻለሁ። ሁለተኛ አይቀሩም።

ባለፈው ዓመት ሸሪፍ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሸሪፍ ማሾ ይነግዳል፤ በአባቱ በኩል ዘመዳችን ነው። በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ አለ።

«ኪው አር ኮድ ነው» አለ። «ድሮ እያንዳንዱ ባንክ የየራሱ ነበረው። የሱቁ ግድግዳ በወረቀት ሲያልቅ አይታችሁ የለ? አሁን አገር አቀፍ ሆኗል። አንዱ ለሁሉም ባንክ ይሠራል። ደብረ ሲና ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም በስልኩ ካሜራ አንስቶ ይከፍላል። ጋሼ ያሕያም ብር በሻሽ ቋጥረው ባንክ ከመመላለስ ይድናሉ።»

ደምሴ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠው። ደምሴ በጥቂት ዓመት ያንሰኛል፤ ክርስቲያን ነው፤ መሬታችን ይዋሰናል።

«ሸሪፍ፣ ይኼ ነገር ዶማ ይይዛል?» አለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸሪፍም ሳቀ። «አይ ጋሼ ደምሴ፣ ዶማውንማ እርስዎ ይያዙልን!»

አንድ ሰው «ቅጣትስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ቅጣትም ይሆናል። ምክንያት የሚል ቦታ አለው። መዋጮ ከሆነ መዋጮ፣ ቅጣት ከሆነ ቅጣት ብሎ መጻፍ ነው። በፈለጋችሁት ቀን፣ ቀደም ብሎም ይቻላል።»

እጃችንን አወጣን፤ ጸደቀ። ስለ አውፉ ማንም አላነሳም። ገንዘቡንና አውፉን ለይቶ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሁልጊዜ አብረው ነበር የሚመጡት። ወረቀቱ ሾላው ግንድ ላይ በምስማር ተመታ። ለየአባሉም በስልኩ ፎቶው ተላከለት። ብር ሲገባ መልእክቱ እኔ ስልክ ላይ ይመጣል።

ዘይቱና ስትሞት ወሩ ጥቅምት ነበር። ማሾ ደርሷል። የደረሰ ማሾ ፀሐይ ከበረታችበት ቅርፊቱ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ይበተናል። በዚያ ላይ የነጋዴ መኪና የደሴን መንገድ ይዞ ገብቶ ቆሟል። ሰው ምክንያት አልነበረውም አልልም።

በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ «ቅሬ ውጡ» ተባለ። ዶማና አካፋ ይዤ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ደምሴ ቀድሞኝ ደርሷል። ቆየት ብሎ ከቅሬው ወጣቶች አንዱ፣ ሙሳ መጣ። ሙሳ ግራ እጁ ተሰብሮ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሯል።

«አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው ደምሴ።

«ውሃ ላቀብላችሁ። ምነው፣ ሌላው ሰው?»

«ይመጣል።»

ጀመርን። የላዩ አፈር ቀላል ነበር። ከዚያ ድንጋይ ገጠመን። ዲጅኖ አመጣን። አንዳችን ስንመታ አንዳችን እናርፋለን። ሙቀቱ ከላይ ይወርዳል፣ ከድንጋዩም ይወጣል። ወደ መንገዱ አይ ነበር። ባጃጅ ያልፋል፤ አይቆምም።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። መቃብሩ የት ጋ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መስሎኝ አወጣሁት።

«ማነው?» አለ ደምሴ ከጉድጓዱ።

«ብር ነው የገባው።»

«የምን ብር?»

አነበብኩት። «ቅጣት ይላል።»

ደምሴ ዲጅኖውን አቆመ። «የምን ቅጣት? ሬሳው ገና ቤት ነው እኮ!»

ደግሞ ነዘረ። ደግሞ። አንዱ የካሚል ጎረቤት ነው፤ አጥራቸው አንድ ነው።

«አንብብልን እንጂ» አለ ደምሴ። «ስማቸውን እየሰማን እንቆፍር።»

አላነበብኩለትም። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

የቀትሩ የዙህር ሰላት አለፈ። ጉድጓዱ ከወገብ አልወረደም። ደምሴ መዳፉ ተልጧል። እኔ ሁለት ጊዜ ዓይኔ ጨልሞብኝ ተቀመጥኩ። ዘይቱና ታጥባ፣ በከፈን ተጠቅልላ፣ ቤት ተኝታለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለባት። በዚህ ሙቀት ሬሳ አያድርም። እንደ ሥራችን ከሆነ እንኳን ለመግሪብ ለነገም አንደርስም።

ሸሪፍ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሥራው እንዴት ነው?»

«ድንጋይ ነው። ሰው የለም።»

«ወላሂ ሾፌሩ አልቆምም ብሎኝ ማሾ እያስጫንኩ ነው። የእኔን ልኬያለሁ፣ ደርሶዎታል?»

«ደርሷል።»

«አይጨነቁ። የዛሬው ቅጣት ብቻ ይበቃል። ከመናኸሪያ ጫኞች ይቅጠሩ፤ ጉልበት አላቸው። ኮድም አላቸው፤ እዚያው ቆመው ይከፍሏቸዋል።»

ዘጋሁት። ለደምሴ ነገርኩት።

«በኪራይ?» አለ። ፀሐይዋን አየ፣ መዳፉን አየ፣ አንገቱን ደፋ። በቅሬያችን የተቀጠረ ሰው መቃብር ቆፍሮ አያውቅም። ሆኖም ሬሳ ከማሳደር ይሻል ነበር። ሙሳን «ሂድና ለካሚል ንገረው፤ ሰው ልንቀጥር ነው በለው» አልኩት።

ካሚል ራሱ መጣ። ሐዘንተኛ ወደ መቃብሩ ቀድሞ አይመጣም፤ ዶማም አይነካም። ቤቱ ይቀመጣል፣ ሰው ይመጣለታል። ደንባችን እንዲህ ነው። እሱ ግን መጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። ጉድጓዱን አየ፤ ከዚያ እኛን አየን።

«ቅሬው የታለ?»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ካሚል ወደ ኪሴ ተመለከተ።

«ከመናኸሪያ ሰው ላመጣ ነው» አልኩት። «ሰዓቱ ሄዷል፣ ካሚል።»

«ዘይቱናን የማያውቃት ሰው አይቆፍርላትም።»

ሸሚዙን አውልቆ ድንጋይ ላይ አኖረው። ደምሴ ዲጅኖውን ወደ ኋላው አዞረ።

«ተው ካሚል፣ ነውር ነው።»

«ነውሩ የእኔ ነው፣ ጋሼ ደምሴ?»

ደምሴ አየው። ዲጅኖውን ሰጠው።

ካሚል ወረደ። እንደ እኛ ድንጋዩን አልመታም፤ ስንጥቁን ፈልጎ ዲጅኖውን አስገባና ተጫነው። ድንጋዩ በሉህ በሉህ ተነሣ። እኛ ከላይ እየተቀበልን ወረወርን። የዐስር ሰላት ሲደርስ ጉድጓዱ ወረደ። ለህዱን ጀመረ። እንደ ሌላው ጊዜ ጀርባው ብቻ ይታይ ነበር። አላለቀሰም፤ ቢያለቅስም ከላይ አይታይም።

ለሌላ ሰው ሲሠራ ርዝመቱን በክንዱ ነበር የሚለካው። የዚያን ቀን ዶማውን አስቀመጠና ለህዱ ውስጥ በጎኑ ገብቶ ተኛ። ትንሽ ቆየ። ሙሳ ፊቱን አዞረ። ካሚል ወጣና ከእግር በኩል ጥቂት ጨመረበት።

ሬሳዋን እኛው፣ ኢማሙና ሁለት ወንድሞቿ ተሸክመን አመጣናት። ደምሴ የቃሬዛውን አንዱን እግር ያዘ። የጀናዛ ሰላት ሰገድንባት። ፀሐይ ተራራው ጫፍ ስትደርስ አፈሩን መለስን። ስልኬን ቀደም ብዬ አጥፍቼው ነበር።

የሚቀጥለው ስብሰባ ቀን ሰው ሞልቶ መጣ። ማሾው ተሽጧል። ካሚል ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ታጥቧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፊቱ ያለውን ባዶ ቦታ ያያል። ያ ቦታ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚቆምበት ነው።

ሸሪፍ ተነሥቶ ሪፖርቱን አነበበ። ያልከፈለ የለም አለ። ሁሉም አባል ግዴታውን ተወጥቷል፤ ቅሬው እንደዚህ ሆኖ አያውቅም አለ። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ።

«አውፍ የሚል የለም?» አለ ደምሴ።

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ከፍለናል እኮ፣ ጋሼ» አለ። በድፍረት አልነበረም። እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ግራ ገብቶት ነበር።

ካሚል ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሾላው ሄደ። ስልኩን አውጥቶ ወረቀቱ ላይ ደቀነ። ፀሐይዋ ላስቲኩ ላይ እያበራች ኮዱን አላስነብብ አለችው፤ በሌላ እጁ ከለላትና እንደገና ደቀነ። ቀስ እያለ በአንድ ጣቱ ጻፈ። ስልኬ ነዘረ።

«ካሚል» አለ ሸሪፍ፣ «አንተ ምንም የለብህም እኮ። መዋጮህን ከፍለሃል።»

«ቅጣት ነው።»

«የምን ቅጣት?»

«የሚቀጥለው ቀብር። ቀደም ብሎም ይቻላል ብለህ የለ?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወው። ካሚል ማንንም ሳይሰናበት በወንዙ በኩል ሄደ። እስኪሻገር ድረስ አየነው።

ሸሪፍ እስክሪብቶውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ በማን ቀብር ብዬ ልመዝግበው?»

የተሰበሰበውን ሰው አየሁ። ከሁሉም በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ።